ዝናሽ ቤት

በቀደም፣ መንገዱ ክፍት የሆነ ቀን፣ ቡሬ ለእህቴ የልጅ ልጅ ክርስትና ሄጄ ስመለስ ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያው ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። አጠገቤ ሁለት ወጣት ሴቶች ስልካቸውን እየነካኩ ይሥቃሉ። አንደኛዋ ድንገት ብድግ አለችና ጓደኛዋን «ስሚ፣ እዚህ ዝናሽ ቤት በየት በኩል ነው?» አለቻት። ጓደኛዋ ግራ ገብቷት «የማን ቤት?» ስትላት፣ ልጅቷ ሣቀችና «ውይ፣ ሽንት ቤት ማለቴ ነው። እኛ ሰፈር እንደዚያ ነው የሚባለው» አለች። እኔ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ። ዝናሽ እኔ ነኝ። ልጅቷን አላውቃትም፣ እሷም አታውቀኝም። እንደዚያ የሚባል ሰው በሕይወት እንዳለ፣ ያውም አጠገቧ የዳቦ ፌስታል አቅፎ እንደተቀመጠ፣ በሐሳቧም አልመጣ። የኔ ጆሮ ግን በርበሬ እንደነካው ነደደ። ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ ጥርሴ ረግፎ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ዛሬም ስሜ በሰው አፍ ሲጠራ መጀመሪያ የሚሰማኝ እፍረት ነው።

የተወለድሁት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። የእናቴ ወገኖች አዊዎች ስለሆኑ ቤታችን ሁለት ቋንቋ ነበረው፤ አማርኛው ለሥራና ለእንግዳ፣ አገውኛው ለቁጣና ለምሥጢር። ፍኖተ ሰላም ላለ ልብስ ሰፊ ስዳር፣ ከተማ ልትገባ ነው ተብሎ እኩዮቼ ቀኑብኝ። ባለቤቴ አዳሙ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጸጥ ያለ ሰው ነበር። የስፌት መኪናውን የሚያቆመው ጋሼ ሰይድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ያኔ ገበሬው ከጅጋም ከማንኩሳም መጥቶ በርበሬውን ሲሸጥ፣ መጀመሪያ ጋሼ ሰይድ ዘንድ ካኪውን ያስለካል፤ ከዚያ ዞር ብሎ ለአዳሙ ይሰጠዋል፤ ማታ ቁምጣውን ለብሶት ይገባል። ለሴቱ ደግሞ ቴትረን የሚባል ጨርቅ የመጣ ሰሞን ነው፤ የማይጨማደድ፣ ቢታጠብ ወዲያው የሚደርቅ። እኔም ውኃ ሰማያዊ የቴትረን ቀሚስ ተሰፍቶልኝ፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምቼ፣ ናይለን ሻሼን ከአገጬ ሥር ቋጥሬ በዋናው መንገድ ስሄድ ንግሥት የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ የሚወጣው ዘፈን እስከ ገበያው ጫፍ ይሰማል፤ የአዳሙም እግር የመኪናውን መርገጫ ከዘፈኑ ጋር ይረግጣል። ዛሬ በዚያ በረንዳ ላይ ሞባይል መጠገኛና ጁስ ቤት ነው ያለው። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ግን አሁንም የአዲስ ካኪ ሽታ ይሸተኛል።

ሰፈራችን ከገበያው ጀርባ ወደ ገደሉ የሚያዘቀዝቀው ነው። ቤቱ እርስ በርሱ የተደጋገፈ፣ አንድ ግድግዳ ለሁለት ጎረቤት የሚያገለግልበት፣ ሰው ሲያስነጥስ ከወዲያ ማዶ «ይማርህ» የሚባልበት ሰፈር። ጉድለቱን መናገር ያሳፍረኛል፤ ካልተናገርሁት ደግሞ ወሬዬ ወሬ አይሆንም። ሽንት ቤት አልነበረውም። ገጠር ሳለሁ ይህ ነገር አሳስቦኝ አያውቅም፤ ሜዳው ሰፊ፣ ቁጥቋጦው ብዙ ነው። እዚህ ግን ወንዱ በፈለገው ሰዓት ወደ ግድግዳው ዞር ይላል፤ ሴቷ ፀሐይ እስክትጠልቅ ትጠብቃለች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቀኑን ሙሉ ውኃ አይጠጣም ነበር። ሰው ቤት ሄደን ጠላ ሲቀርብልን «ጾም ነኝ» እንላለን፤ ጾም በሌለበትም ቀን። ሲመሽ ሁለት ሁለት ሆነን ከገደሉ አፋፍ ባሕር ዛፉ ውስጥ እንገባለን፤ አንዷ ስትቀመጥ ሌላዋ ትጠብቃለች። ስለ ነገሩ ግን በስሙ አንነጋገርም። «ሜዳ ደርሰን እንምጣ» ነው የምንባባለው።

አማቴ እማማ ደብሬ ይባሉ ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ገበያ በርበሬ እየሸጡ አዳሙን ያሳደጉ፣ ሰውነታቸው ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት ነበሩ። ዝናሽ ያሉኝም እሳቸው ናቸው፤ በአገራችን ምራት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። «ዝናሽ ከደጅሽ አልፎ ገበያ ይድረስ» ብለው መረቁኝ። ከኛ ክፍል ጎን፣ በገደሉ በኩል፣ ጌሾ የተከሉባት ባዶ ጥግ ነበረቻቸው። እዚያ ላይ ለኔና ለአዳሙ አንድ ክፍል ሊሠሩልን ጠርብና ጭድ ማሰባሰብ ስለጀመሩ ጎረቤቱ ሁሉ ያችን ጥግ «ዝናሽ ቤት» ይላት ጀመር። «ዶሮዋ ዝናሽ ቤት ገባች፣ አባሪያት።» «እንጨቱን ዝናሽ ቤት አራግፈው።» እስከዚያው ሦስታችንም በአንድ ክፍል፣ በመጋረጃ ተለያይተን ነበር የምንተኛው። አዲስ ሙሽራ ከአማቷ ጋር በአንድ መጋረጃ! አዳሙ ሲያናግረኝ እንኳ በሹክሹክታ ነው። ያችን ክፍል እንዴት እንደጠበቅኋት እኔ ነኝ የማውቀው። መስኮቷን በልቤ ስንት ጊዜ ከፈትሁ፣ አልጋችንን ስንት ጊዜ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው አዛወርሁ።

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁ ክረምት ገባ። እርጉዝ ሴት እስኪመሽ መጠበቅ አትችልም። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳይነሣ ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። ዝናቡ ሲጥል አድሮ አፋፉ ሙልጭልጭ ይላል። ከተቀመጥሁበት ስነሣ እግሬ ከዳኝና እየተንከባለልሁ ታች ውኃው ዳር ወደቅሁ። ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። አልጮህሁም። ብጮህ ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ ምን ልሠራ እንደወረድሁ ያውቃል። ስቃትት የሰሙኝ ቅዳሴ የሚሄዱ የሰፈራችን ወንዶች ናቸው። ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉኝና እንደ ሬሳ ተሸክመው አወጡኝ። ቀሚሴ እንዴት ሆኖ እንዳገኙኝ አልናገርም። አያ ምትኩ የሚባሉ ጎረቤታችን ሲያነሡኝ ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዞሩ። ለክብሬ ብለው ነው፤ ነገር ግን ያ የዞረ ፊት ከእግሬ ይበልጥ አመመኝ። ለሰው ሁሉ «ውኃ ልትቀዳ ወርዳ አዳለጣት» ተባለ። ከዚያ ገደል ውኃ የቀዳ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ጠያቂው ሁሉ ግን «እግዚአብሔር ይማርሽ» እያለ ውሸቱን ተቀብሎ ሄደ። ልጄ በደህና ተወለደች። እግሬ እንደቀድሞው አልሆነም።

መሐንዲሱ የመጣው ልጄን ታቅፌ እያነከስሁ ገበያ መውጣት በጀመርሁበት ሰሞን ነው። ከማዘጋጃ ቤት የተላከ ወጣት ነው። ጸጉሩን ከፍ አድርጎ ያበጥራል፣ ሱሪው ከታች ሰፊ ነው፣ ጭቃችን ሱሪውን ሲያበላሽበት እናዝንለት ነበር። ጥቅል ወረቀት በብብቱ ይዞ ሲዞር ያየው ሁሉ «አለቀልን፣ ሊያፈርሱን ነው» አለ። እሱ ግን «ሰፈሩ ይታደሳል፤ እናንተን ሳልጠይቅ ግን አንድ መስመር አላሰምርም። ባልም ሚስትም ይምጣ» ብሎ ስብሰባ ጠራ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም። እስከዚያ ድረስ ስብሰባ ማለት የተወሰነውን ሰምቶ፣ አጨብጭቦ መመለስ ነበር።

በቀበሌው አዳራሽ ወንዶቹ ከፊት አግዳሚ ላይ፣ እኛ ከኋላ መሬት ላይ ተቀመጥን። «በመጀመሪያ ምን ይሠራላችሁ?» አለ መሐንዲሱ። አያ ምትኩ ተነሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ድንጋይ ይነጠፍበት አሉ። ጋሼ ሰይድ ጎርፉ ሱቃቸው እየገባ ጨርቅ እንዳበላሸባቸው ተናግረው ቦይ ይቀደድልን አሉ። ሌላው መብራት አለ። ሌላው ደግሞ በሰፈሩ መግቢያ ላይ ቅስት ይቁምና ቀለም ይቀባ አለ፤ ቅስቱን ብዙ ሰው ወደደው። መሐንዲሱ ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ «ሴቶችስ ምን ትላላችሁ?» አለ። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማንም አፉን አይከፍትም። እኔ የልጄን ካልሲ አወልቃለሁ፣ መልሼ አጠልቃለሁ።

እማማ ደብሬ ተነሡ።

«ልጄ፣ ስለጠየቅህ እግዜር ይስጥህ» አሉት። «እነሱ አይነግሩህም፤ እኔ ልንገርህ። ዝናሽ፣ ተነሺ።»

አልተነሣሁም።

«ተነሺ እንጂ! ይቺ ምራቴ ናት። ስትራመድ አይተሃታል? ለምን ታነክሳለች ብለህ ጠይቃቸው። ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነው ይሉሃል፤ ውሸት ነው። ልትጸዳዳ ወርዳ ነው የወደቀችው። ይህችን ልጅ በሆዷ ይዛ፣ በዚያ ዝናብ! እዚህ ካለነው ሴቶች ያን ገደል ያልወረደች ካለች ትነሣና ውሸታም ትበለኝ።»

ወንዶቹ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። አንዱ «ኧረ እማማ፣ ነውር ነው እኮ፣ ሕዝብ መሐል!» አለ።

«ነውሩ መናገሩ ነው ወይስ መውረዱ?» ብለው አፈጠጡበት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር። አዳሙን አየሁት፤ አጎንብሶ የጫማውን ክር ይፈታል። መሐንዲሱ ራሱ ፊቱ ቀልቷል። ቀስ ብሎ «እኅቴ፣ እውነት ነው?» አለኝ። አይደለም ብል አማቴን በሕዝብ ፊት ውሸታም ማድረጌ ነው። ነው ብል ራሴን ማራቆቴ ነው። ዓይኔን ከልጄ ሳላነሣ «እውነት ነው» አልሁ። አልሰማኝም መሰለኝ ደግሞ ጠየቀኝ። «እውነት ነው!» ብዬ ጮህሁ፤ ልጄ ደንግጣ አለቀሰች። ከኋላዬ የጋሼ ሰይድ ባለቤት እትዬ ዘሀራ፣ ከሰው ፊት ተናግረው የማያውቁት፣ «እኛም እንዲሁ ነን» አሉ። ከዚያ በኋላ ቅስት ያነሣ ሰው የለም።

ይሠራ ከተባለ በኋላ ደግሞ የት የሚለው መጣ። መሐንዲሱ እኛን አስከትሎ ሰፈሩን በእግሩ ዞረ። ይሠራ የማይል የለም፤ በኔ አጥር በኩል ይሁን የሚልም የለም። ይሸታል፣ ዝንብ ያመጣል፣ ለቤተ ክርስቲያን ይቀርባል፣ ለመስጊዱ ይቀርባል፣ እዚህ እኮ ድግስ ይደገሳል። መሐንዲሱ ተስፋ እየቆረጠ እኛ ደጃፍ ሲደርስ እማማ ደብሬ ቆሙ። ጌሾአቸውን አዩ፣ እኔን አዩኝ። «እዚህ ይሁን» አሉ።

አዳሙ «እማዬ፣ ዝናሽ ቤት እኮ ነው» አላቸው።

«አውቃለሁ» አሉት። እኔ በአገውኛ አንድ ነገር አልሁ፤ ምን እንዳልሁ ዛሬም አልተረጉመውም።

ሰፈሩ ተባብሮ ነው የሠራው። ወንዱ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ሴቱ ድንጋይ አቀበለ፣ ጋሼ ሰይድ ቆርቆሮውን ሰጡ፣ መሐንዲሱም እጅጌውን ሰብስቦ ጭቃ ሲረግጥ ዋለ። ለኔ ክፍል የተሰበሰበው ጠርብ የበሩ መቃን ሆነ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሴቶች በጠራራ ፀሐይ ውኃ ሲጠጡ አየሁ፤ እትዬ ዘሀራ ገበያ መሐል ብርጭቆ ሙሉ ጨልጠው አፋቸውን ሲጠርጉ አይቼ ሣቄ መጥቷል። ሰዉ ግን ሽንት ቤት ብሎ መጥራት አፈረ። ስሙ ደግሞ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። «ዝናሽ ቤት ደርሼ ልምጣ።» «የት ሄደች?» «ዝናሽ ቤት።» በክፋት ያለው ሰው የለም፤ እንዲያውም ለጨዋነት ነው። ለአፍ የሚከብደውን ነገር በኔ ስም ሸፈኑት። እኔ በምን ልሸፈን?

ልጄ ትምህርት ቤት በገባች በሳምንቱ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ዝናሽ ቤት ልሂድ?» ብላ ስትጠይቅ መምህሯ «እናትሽ ጋ ነው?» አሏት፤ ክፍሉ ሲሥቅ እያለቀሰች መጣች። በክርስትና ስሜ ጥሩኝ ብዬ ለመንሁ፤ ማንም አልለመደው። ሰው በማያውቀኝ አገር ልሥራ ብዬ ጅጋ ገበያ ላይ ጨውና ሳሙና ዘርግቼ ተቀመጥሁ። አንድ ገበሬ ስሜን ጠይቆኝ ስነግረው «የፍኖተ ሰላሟ?» ብሎ አፉን በኩታው ያዘ። በዚያው ሳምንት ዕቃዬን ጠቅልዬ ተመለስሁ። ይህችው ልጄ አድጋ ስትዳር ደግሞ፣ በሙሉ ድግስ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ገዝግዞ ወደኔ ዞረ፦

ከባድ ሸክም ይዤ ከሩቅ አገር መጥቼ፣
ቀለል ብሎኝ ወጣሁ እዝናሽ ቤት ገብቼ።

ለእንግዳ አድማጭ የደጋሿን ቤት ማመስገኑ ነው። የሰፈሩ ሰው ግን በሣቅ ፈረሰ፤ አማቾቼ ምን እንደሚያሥቅ ሳይገባቸው አብረው ሣቁ። እኔም ጥርሴን አሳይቼ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍሁለት። ጓዳ ገብቼ ግን ሠርገኛው እስኪሸኝ አልወጣሁም።

እማማ ደብሬ በኋላ ታመሙ። አንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ጀርባቸውን እያሸሁላቸው ሳለሁ፣ ስንት ዘመን ሆዴ ውስጥ የኖረውን ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ እርስዎም እኮ ይወርዱ ነበር። ያን ቀን ለምን በራስዎ አልተናገሩም? ለምን እኔን?»

«አሮጊት ወደቀች ቢባል ማን ይደነግጣል?» አሉኝ። «ዕድሜዋ ነው ብለው ያልፉታል። አንቺ እርጉዝ ነበርሽ። እነዚያ ወንዶች በአንቺ እንጂ በኔ አያፍሩም ነበር።» ደግሞም «እኔስ የማላፍር መሰለሽ? ከአዳራሹ ወጥቼ ከበርበሬው ጆንያ ጀርባ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ልጄን አዋረድኋት ብዬ። አዋርጄሻለሁም። ይቅርታ ግን አልልሽም፤ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁና» አሉ። እጄ ጀርባቸው ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ማሸቴን ቀጠልሁ።

ካቻምና ሰፈሩ እንደገና ይታደስ ተባለና ለስብሰባ አዳራሹ ገባን። አሁን የምትመራው ወጣት ሴት መሐንዲስ ናት፤ ላፕቶፕ ይዛ የሰፈራችንን ምስል ግድግዳ ላይ ታበራዋለች። ሕዝብ ይሳተፍ የሚለው በትልቅ ጨርቅ ተጽፎ ተሰቅሏል። ኮብልስቶን፣ የመንገድ መብራት፣ የገበያ ሼድ ተነሣ፤ አሮጌው መጸዳጃም ፈርሶ አዲስ ሊሠራ ነው። ዛሬ ባለ ቤቱ ሁሉ የራሱ አለው፤ እዚያ የሚገቡት ተከራዮችና የገበያ ሴቶች ናቸው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሰላም ናት፤ ከገጠር መጥታ እኔ ዘንድ ክፍል ተከራይታ የምትማር ልጅ። በየወሩ ጥቂት ቀናት ከትምህርት ቤት እየቀረች ስትተኛ «ምን ነካሽ?» ብያት፣ ከብዙ መሽኮርመም በኋላ ነግራኛለች። የኔ ግቢ ሽንት ቤት ሞልቶ ስለተዘጋ የምትሄደው እዚያው ነው፤ በሩ መቀርቀሪያ የለው፣ መታጠቢያ ውኃ የለው።

መሐንዲሷ «የቀረ አስተያየት አለ? ሴቶችስ?» አለች። ሰላም አንገቷን ደፋች። በጎን አየኋት። «ተነሺ» ልላት አፌ ላይ መጣ፤ አልወጣልኝም። መነሣት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ራሴ በምርኩዜ ተነሣሁ።

«ዝናሽ እባላለሁ» ስል ከወዲያ ከወዲህ ሣቅ ተሰማ። «እዚያ ቤት የሚገቡ ልጃገረዶች የወር አበባቸው ሲመጣ የሚታጠቡበት ውኃ የለም። በሩ አይዘጋም። ስለዚህ ትምህርት ይቀራሉ። ውኃና መቀርቀሪያ ይግባ።»

አንድ ጎልማሳ «ኧረ እማማ ዝናሽ፣ በዚህ ዕድሜዎ ይህ ምን አገባዎት?» አለ፤ አዳራሹ ሣቀ።

«ቤቱ የማን ነው?» አልሁት። «ስትጠሩት የማን ቤት ትላላችሁ? ቤቴ ነው፤ ያገባኛል።»

ሣቁ ቆመ። መሐንዲሷ ጻፈችው። እኔ ተቀመጥሁ፤ ፊቴ እንደዚያ ዘመኑ ስብሰባ ቀን እየነደደ ነው። የሰላምን ስም አላነሣሁም። አጠገቤ መቀመጧን ግን ረስቼው ነበር። አዳራሹ ሁሉ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሷን አየ። ሰላም ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ብድግ አለችና ወደ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች።

አዲሱ ቤት ተሠርቷል። ቧንቧ ገብቶለታል፣ በሩም ከውስጥ ይቆለፋል። ሰላም ከስብሰባው በኋላ በወሩ ከኔ ግቢ ወጥታ ማዶ ሌላ ክፍል ተከራየች፤ አልከለከልኋት፣ ምክንያቷንም አልጠየቅኋት። አዲሱ ቤት ከተሠራ ወዲህ ትምህርት ቀርታ እንደማታውቅ ከጓደኞቿ ሰምቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ደብተሯን አቅፋ በደጄ ስታልፍ አንገቷን ደፍታ በመንገዱ ዳር በዳር ትሄዳለች። እኔም በሰዓቷ፣ እኔን ላለማየት እንዳትቸገር፣ በሬን ገርበብ አደርግላታለሁ።